ጠላት የሌለበት ፉከራ

የአኒሜ መክፈቻ ዘፈን ሲጀምር «ዝለል» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው አላምንም። ትንሽ ከረረ መሰለኝ፤ ግን ይሁን። 12 ክፍል በአንድ ሌሊት ለመጨረስ ቆርጦ ለተቀመጠ ሰው፣ የ90 ሰከንዷ ዘፈን 12 ጊዜ ስትደመር 18 ደቂቃ ትበላለች። ሒሳቡ ይገባኛል። እኔ ግን ፊልሙን ትቼ ዘፈኗን ብቻ ደጋግሜ ሰምቼ የተኛሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

የማወራው ስለ ሁሉም የአኒሜ ዘፈን አይደለም። ስለ አንድ ዓይነት ነው፤ ድራሙ በሩን በርግዶ የሚገባበት፣ ጊታሩ የሚጮህበት፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን የማይሳሳበት፣ አዝማቹ ላይ ስትደርሱ ሳታውቁት ከመቀመጫችሁ የምትነሱበት ዓይነት። ጃፓኖች ለዚህ መንፈስ «ኔኬትሱ» የሚል ቃል አላቸው፤ ትኩስ ደም ማለት ነው። ጂም ውስጥ ብረት የሚገፋው ልጅ ጆሮ ላይ የተሰካው እሱ ነው። «የወንዶች ሙዚቃ» ይሉታል። እኔም ወንድ ነኝ፤ ይሠራብኛል። ምኔ ላይ ነው የሚሠራው የሚለውን ለረጅም ጊዜ አልጠየቅሁም። አሁን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

(የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹን የሰማሁት በጃፓንኛ አይደለም፤ በዐረብኛ ነው። እኛ ቤት ዲሽ አልነበረም፤ አክስቴ ቤት ግን ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እኔና የአክስቴ ልጅ ቦርሳችንን እንኳ ሳናወርድ ስፔስቱን ከፍተን ቁጭ ነው። እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ሪሞቱ የሱ ነው። አንድ ቃል አይገባንም። ሁሉም ነገር ግን ይገባናል። ስፔስቱን በ2000 የተጀመረ የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ ነው፤ የጃፓኖቹን ፊልሞች በዐረብኛ ሲያቀርብ ለብዙዎቹ አዲስ ዜማና አዲስ ግጥም ተሠርቶላቸው ነበር። የታሪቅ አልዓረቢ ቱርጋን ዜማዎችና የራሻ ሪዝቅ ድምፅ የዐረብ ልጆችን ትውልድ እንዳሳደጉ በደንብ ተጽፏል። አዲስ አበባም ውስጥ ቃሉ ሳይገባቸው በዜማው ብቻ ያደጉ ልጆች እንዳሉ የጻፈ ግን አላየሁም። ይኸው ተጻፈ።

ዓመታት አልፈው አኒሜ በፍላሽ ማስጫን ስንጀምር፣ የጃፓንኛውን ስሰማ ደነገጥኩ። ለካ ዘፈኑ ሌላ ነው! የዐረብኛው ለኔ ጆሮ ሐዘን አለበት፣ እናት ቤት ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ዘፈን ነው። የጃፓንኛው ደግሞ ከቤት ወጥቶ የሚሮጥ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ተታለልኩ ተሰማኝ፤ ቀስ እያለ ግን ሁለት ልጅነት የተሰጠኝ ያህል ሆነልኝ።

ነገሩ ከየት ጀመረ ካላችሁ 1972 ላይ ልቁም። «ማዚንገር ዜት» ይባላል፤ አንድ ጎረምሳ የግዙፍ ሮቦት ጭንቅላት ላይ ተሰክቶ የሚዋጋበት ፊልም። ዜማው የሚቺያኪ ዋታናቤ፣ ድምፁ የኢቺሮ ሚዙኪ ነው። ዘፈኑ ምን ያደርጋል? የሮቦቱን ስም ይጠራል፤ ከዚያ መሣሪያውን ይቆጥራል። የሚወነጨፈውን ቡጢ፣ ከደረቱ የሚተፋውን እሳት። ይህን ስሰማ ፉከራ ትዝ ያላለኝ ቀን የለም። የኛ ፎካሪስ ምንሽሩን አያወድስም? ስም እየጠራ ወዲያና ወዲህ አይልም? ሚዙኪ መድረክ ላይ ሲወጣ «ዜ———ት!» እያለ የሚለቃት ጩኸት ነበረችው፤ በቪዲዮ ያየ ሰው «ዘራፍ!» ማለት በጃፓንኛ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ፎካሪ የሚፎክረው በሠራው ነው። ዘምቷል፣ ጥሏል፣ የእገሌ ልጅ ነው፤ ውሸት ቢጨምርበት አጠገቡ የሚያፍርበት ሰው ተቀምጧል። የማዚንገር ዘፈን የሚዘፈነው ግን ገና ምንም ላልሠራ ልጅ ነው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ቴሌቪዥን ለሚያይ ልጅ። ፉከራው በብድር የተሰጠው ነው። አበዳሪውም ትልቅ ሰው ነው፤ ሚዙኪ ያኔ 24 ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ በኋላም 50 ዓመት ሙሉ ለልጆች ዘፈነ። ስሙን ትተው «አኒኪ» ይሉታል። ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ቢሆን ወንድምጋሼ እንለው ነበር።

ይህ ወንድምጋሼ በ1999፣ በ51 ዓመቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 1000 ዘፈን ዘፍኗል። አንድ ሺህ! ይህን መጀመሪያ ሳነብ ጉራ መሰለኝ። ዛሬ ግን የዚህ ሙዚቃ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሰውየው ያሸነፈው ሰው የለም። ወጪው የራሱ ጉሮሮ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2000፣ ጃም ፕሮጀክት የሚባለውን የአኒሜ ዘፋኞች ቡድን ሲመሠርትም ሌሎቹም እንደሱ ጉሮሯቸውን የማይሳሱ ናቸው።

ከነሱ መካከል ሂሮኖቡ ካጌያማን ለይቼ ላውራ፤ ምክንያቱም የሁላችንም ዕዳ አለብን። በ1989 «ድራጎን ቦል ዜት» ሲጀምር የተሰማው «ቻ-ላ ሄድ-ቻ-ላ» የሱ ድምፅ ነው። ካጌያማ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌዚ በሚባል ባንድ ውስጥ ድምፃዊ ነበር፤ ለኮረዶች ተብሎ የተሸጠ ባንድ፣ የልጆቹ ልብ ግን ሄቪ ሜታል ጋ። ባንዱ በ1981 ሲበተን ጊታሪስቱ አኪራ ታካሳኪና ድራመሩ ሙኔታካ ሂጉቺ ላውድነስን መሥርተው ስማቸው ዓለም ዞረ። ካጌያማ በ1985 «ቼንጅማን» ለሚባል የልጆች ተከታታይ ፊልም ዘፈነ። ሜታሊስት የመሆን ሕልም የነበረው ሰው ሕልሙን ይዞ የልጆች ሰዓት ውስጥ ገባ ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ውድቀት ማየት አቅቶኛል።

ዘፈኑን አሁኑኑ ክፈቱትና ሁለት ነገር ስሙ። አንደኛው የድምፁ ቁመት ነው። ጎርናና አይደለም። ከፍ ያለ፣ ጫፍ ላይ የቆመ፣ አንድ ደረጃ ቢጨምር የሚሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ነው። (ወንድነት ወፍራም ድምፅ ነው የሚል ሰው ቀረርቶ ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው።) ሁለተኛው ግጥሙ ነው። ድራጎን ቦል ዜት 291 ክፍል ነው፤ አብዛኛው ድብድብ። ዩኪኖጆ ሞሪ የጻፈው ግጥም ግን ሰማይ አለበት፣ ደመና አለበት፣ እሳተ ገሞራ አለበት፣ ይባስ ብሎ ዳይኖሰር አለበት። ጠላት የለበትም። የሚገደል፣ የሚንበረከክ፣ የሚዋረድ ሰው በስም አይጠራም። ርዕሱ ራሱ የቃል ጨዋታ ነው፤ መንፈሱ «ምን ቸገረኝ» ዓይነት። የዓለምን ኃይለኛ ሰው የሚያስተዋውቀው ዘፈን ስለ መብረር የሚያወራ የልጅ ቅዠት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከ30 ዓመት በኋላ ሲሰማ ማንንም የማያሳፍረው።

«ለወንዶች» የሚለው ምልክት ደግሞ ቶሎ የሚላጥ ቀለም ነው። ጎኩ ሲጮህ የምትሰሙት ድምፅ የማሳኮ ኖዛዋ ነው፤ ሴት ናቸው፣ አያት ሊሆኑን ይችላሉ። ናሩቶ ጁንኮ ታኬኡቺ ናት፤ ሉፊ ማዩሚ ታናካ ናት። የፖኬሞኑን ልጅ ሆና የተወነችውና የ1997ቱን መክፈቻ የዘፈነችው ሪካ ማትሱሞቶ ከጃም ፕሮጀክት መሥራቾች አንዷ ናት። በ2019 «ዴመን ስሌየር» ሲወጣ ደግሞ የሊሳ «ጉሬንጌ» የየጂሙን ድምፅ ማጉያ ወረሰ። ደረታቸውን ነፍተው የሚሰሙት ልጆች ሴት እየዘፈነችላቸው እንደሆነ ትዝም አይላቸው። ትዝ ቢላቸውስ ምን ይቀንሳል?

ናሩቶን ለምን ዘለልከው የምትሉኝ አላችሁ። የፍሎው «ጎ!!!» በ2004 ያመጣውን ጭፈራ አልክድም፤ ሰርግ ላይ ቢከፈት ይሠራል። ከናሩቶ ግን የኔ ምርጫ የኤዥያን ኩንግ-ፉ ጀነሬሽን «ሃሩካ ካናታ» ነው። ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ በ2002 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት ነው መክፈቻ የሆነው። ምናልባት ለዚህ ነው ጀግና የማይሸተው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው የሚሸተው።

እንግዲህ ወደፈራሁት ልምጣ።

በ2013 «አታክ ኦን ታይታን» ሲጀምር የተሰማው «ጉሬን ኖ ዩሚያ» እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሬቮ የሚባለው ሰው ሊንክድ ሆራይዘን በሚል ስም የሠራው ነው። በጀርመንኛ ይጀምራል፤ ከዚያ መዘምራን፣ ገመድ መሣሪያዎች፣ ሜታል ጊታር፣ የሰልፍ ምት በላይ በላይ ይከመራሉ። ግጥሙ የሚለው ባጭሩ፦ በበረት ውስጥ ተደላድሎ ከመኖር አዳኝ ሆኖ መሞት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጃፓን ትልቁ የዘመን መለወጫ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ኮሀኩ ላይ ቀረበ። በ2017 ደግሞ «ሺንዞ ኦ ሳሳጌዮ» ተከተለው፤ ልብህን ስጥ፣ ልብህን መባ አድርግ እንደማለት ነው። እንደ ሙዚቃ ሥራ ካየነው ከካጌያማው በብዙ እጅ የበለጠ ነው። የድምፅ አደራረቡ፣ ዝምታን የሚጠቀምበት መንገድ፣ አዝማቹ ሲመጣ መሬቱ ከእግር በታች የሚንሸራተትበት። ፀጉሬ ቆሟል፤ አልዋሽም።

በ2021 መጨረሻ፣ በጦርነቱ ሰሞን፣ የአክስቴ ልጅ ዘመተ። ማንም አላስገደደውም። ሰፈሩ ወጥቶ ሸኘው፤ ፒክአፕ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ ቀረርቶ ያሰማል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ አክስቴ አንድ ጥግ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ያን ሳምንት ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ላይ የነበረው ዘፈን «ሺንዞ ኦ ሳሳጌዮ» ነበር። ሽኝቱ ቀንም ይዤው ነው የመጣሁት፤ አንዱ ጆሮዬ ላይ ነበር። ፒክአፑ ሲነሳ ሁለቱ ዘፈኖች እኩል ሆኑብኝ። ነቀልኩት። ቀረርቶው ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጥያቄው የመጣው። ፉከራን ልወነጅል አልፈልግም፤ የአባቶቼ ፎካሪ ቆሞ ስሙን ጠርቶ የሚፎክር፣ ነገ ራሱ የሚሄድ ሰው ነበር። የፒክአፑ ቀረርቶም የአንድ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሰውየው ግን እዚያ አልነበረም። የሱን ድምፅ ቀድተው የአክስቴን ልጅ ሸኙበት። የሬቮ መዘምራንም ለኔ እንደዚያ ናቸው። የካጌያማን ዘፈን ስሰማ አንድ ሰው ሲለፋ እሰማለሁ፤ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ የት ላይ እንደሚደክመው አውቃለሁ። በመዘምራኑ ውስጥ ግን የማንም ትንፋሽ አይሰማም። አንዱ ቢደክመው ሌላው ይሸፍንለታል፣ አንዱ ቢወድቅ ዜማው አይጎድልም። ሙዚቃው ያማረው በዚህ ነው። የሚያስፈራውም በዚሁ ነው።

ለፊልሙ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ (ያላያችሁት ይህችን አንቀጽ ዝለሉ፤ ዛሬ ብቻ ፈቅጃለሁ)። ደራሲው ሐጂሜ ኢሳያማ ዘፈኑ የሚያወድሰውን ነገር ያምንበታል ብዬ አላስብም። በ2019 በታየው ክፍል አዛዡ ምልምሎቹን በፈረስ ወደ ድንጋይ ናዳ ሲልካቸው፣ ንግግሩ የሚያስጨፍር ነው፤ ካሜራው ግን ከንግግሩ በኋላ ይቆያል፤ የተፈጨውን አካል ያሳየናል። በመጨረሻም ልባችንን የሰጠነው ልጅ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል። ፊልሙ ራሱን ይጠይቃል። ዘፈኑ ግን ከፊልሙ ተነጥሎ ነው ስልካችን ላይ ያለው፤ 90 ሰከንዷ ውስጥ ደግሞ ጥያቄ የለም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ያገኙ አሉ። ጃም ፕሮጀክት በ2015 ለ«ዋን ፓንች ማን» የሠራው መክፈቻ ደስ ይለኛል፤ ፊልሙ በአንድ ቡጢ እያሸነፈ በሚሰለቸው ጀግና ይቀልዳል፣ እነሱ ግን ቅንጣት ሳይቀልዱ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይዘፍናሉ። ቀልዱን የሚያጣፍጠው የነሱ አለመቀለድ ነው። የኬንሺ ዮኔዙ «ኪክ ባክ» ደግሞ በ2022 ለ«ቼይንሶ ማን» ሲወጣ ትኩስ ደምን ወስዶ አሳበደው፤ የሞርኒንግ ሙሱሜን የድሮ የልጃገረዶች ዘፈን ቆርጦ መሐል ሰካበት። የዚያ ፊልም ጀግና ሕልሙ ዳቦ በማርማላታ መብላት ነው። አሜሪካ ውስጥ የወርቅ ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው በጃፓንኛ የተዘፈነ ዘፈን መሆኑን ሳነብ፣ ዓለም ሁሉ ከክብር ይልቅ ማርማላታ አምሮታል ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ።

ለኔ ግን የዚህ ሙዚቃ ጫፍ ሌላ ቦታ ነው። በ1999 የወጣው የኮጂ ዋዳ «በተርፍላይ»፣ የ«ዲጂሞን አድቬንቸር» መክፈቻ። የመጀመሪያ ሥራው ነበር፤ 25 ዓመቱ ነው። ጊታሩ ሲገባ እንደ ማንኛውም የዚህ ዓይነት ዘፈን ነው። ግጥሙ ግን ክንፍ አለኝ ብሎ አይፎክርም፤ ክንፌ እምብዛም አያስተማምንም፣ ቢሆንም ልሞክረው ነው የሚል መንፈስ አለው። አዝማቹ የሚነሳውም ከድል አይደለም፤ ትልቅ ሕልም ካበቃ በኋላ ከሚመጣው ባዶነት ነው። ይህንን ለስምንት ዓመት ልጅ መዝፈን ድፍረት ነው። ዋዳ ሲዘፍነው አያለቅስም፣ አያዝንም፤ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚዘፍነው። ስለ ድካሙ እየጮኸ የሚያወራ ወንድ እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የኛ ሰፈር ወንድ ወይ ይጮሃል ወይ ይደክመዋል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ ይቻላል ብሎ የነገረን አልነበረም።

በ2003 ዋዳ ካንሰር ተገኘበት፤ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ጉሮሮው ላይ። ሥራውን አቁሞ ታከመ፣ ተመለሰ። በ2011 እንደገና መጣበት። እንደገና ተመለሰ። የዲጂሞን ልጆች አድገው «ትራይ» የሚለው ተከታታይ ፊልም በ2015 ሲጀምር ያንኑ ዘፈን አዲስ አድርጎ ቀዳው። የ1999ኙንና ይህን አከታትላችሁ ስሙ። ለኔ ጆሮ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ሻክሯል፤ ከፍ ወዳለው ቦታ ሲወጣ የሚወጣበት መሰላል ይሰማል። ሊያስተካክሉት ይችሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ባለማስተካከላቸው እግዜር ይስጣቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዐረፈ፤ በ42 ዓመቱ።

የአክስቴ ልጅ ተመልሷል። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል፤ ስለ ሌላው አያወራም፣ እኛም አንጠይቀውም። ባለፈው እሑድ አክስቴ ቡና ስታፈላ እንደ ድሮው ሶፋው ላይ ተቀምጠን ፍላሼን ሰካሁት። መጀመሪያ የመጣው «አታክ ኦን ታይታን» ነበር። መዘምራኑ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሪሞቱን አንስቶ አሳለፈው። ምንም አላልኩም።

ቀጥሎ የቆየ ማኅደር ውስጥ ዲጂሞን ነበር፤ የጃፓንኛው።

«ይሄ አይደለም እኮ የኛ» አለ፤ «የኛ የዐረቡ ነው።»

«ዋናው ይሄ ነው» አልኩት።

ሪሞቱ እጁ ላይ ነው። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆየ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ግን አልተጫነም።

«ሰውየው አለ?»

«የለም። ሞቷል።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«42።»

ስኒውን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ትንሽ ፉት አለና፣ «ድገመው እስቲ» አለኝ።